ጋሽ መርዕድና የምጽዋው ሲሊንደር

ስልኬ ላይ «ጋሽ መርዕድ» የሚለው ስም ሲበራ ደስ ብሎኝ አነሳሁት። ድምፃቸውን ከሰማሁ ወራት አልፈው ነበር። የሰማሁት ግን የማላውቃት ሴት ድምፅ ነው።

«ይቅርታ እህቴ፣ ስምሽን አላውቀውም» አለችኝ። «እዚህ ስልክ ላይ ‹ገመድ ያዥ› ነው የሚለው። ዘመዳቸው ነሽ እንዴ?»

«አብረን ሠርተናል። ምን ሆኑ?»

«እንግዲህ ምን ልበልሽ… አከራያቸው ነኝ፣ ከሱሉልታ ነው የምደውለው። ጠዋት አልወጣ ሲሉኝ ገብቼ አየኋቸው። እንደተኙ ነው። ስልካቸው ላይ ያለው ሰው ጥቂት ነው። አንዱ አናጢ ሆነ፣ አንዱ ከሰል ሻጭ። ቤተሰብ የሚመስል ባጣ ጊዜ ወደ አንቺ ደወልኩ።»

ዓለም ገና ላይ ታክሲ ተሰልፌ ነበር። ተራዬ ደርሶ ወያላው «እህት፣ ግቢ እንጂ!» ሲለኝ ነው ቆሜ መቅረቴን ያወቅኩት። ከሰልፉ ወጥቼ አጥር ጥግ ተቀመጥኩና አለቀስኩ። ለጋሽ መርዕድ የሚያለቅስ ሌላ ሰው መኖሩን እርግጠኛ አልነበርኩም።

ሰበታ ውስጥ ሲሊንደር በሚፈተሽበት አንድ ድርጅት ለብዙ ዓመት አብረን ሠርተናል። የብየዳ ኦክስጅን፣ የሆስፒታል ኦክስጅን፣ የእሳት ማጥፊያ፣ የእሳት አደጋ ሠራተኞች በጀርባቸው የሚያዝሉት የአየር ሲሊንደር፣ ሁሉም በየተወሰነ ጊዜ መፈተሽ አለባቸው። ሲሊንደሩ ይራገፋል፣ ውስጡ በመብራት ይታያል፣ ከዚያ ውሃ ይሞላል። ውሃ ባለበት ወፍራም በርሜል ውስጥ ይገባና በሥራ ላይ ከሚይዘው በላይ ግፊት ይሰጠዋል። ብረት ሲጨነቅ ትንሽ ያብጣል። ምን ያህል እንዳበጠ ከበርሜሉ አጠገብ በቆመው የመስታወት ቱቦ፣ በውሃው ከፍታ ይነበባል። ግፊቱ ሲለቀቅ ጤነኛው ወደ ነበረበት ይመለሳል። የደከመው እንዳበጠ ይቀራል፣ እሱ ይወገዳል።

ጋሽ መርዕድ ፓምፑ ላይ ይቆማሉ፣ እኔ ቱቦውን አነብላቸዋለሁ። የተቀጠርኩት ደንበኛ ለመቀበል ነበር። አንድ ቀን አንባቢው ሲቀር «ወይኒ፣ ዓይንሽ ደህና ነው? ነይ» ብለው ጠሩኝና በዚያው ቀረሁ።

ቀጭን ሰው ናቸው፣ ደረታቸው ብቻ ከሰውነታቸው ጋር የማይሄድ ሰፊ ነው። አንዱ ጆሯቸው በደንብ ስለማይሰማ ሲያናግሯቸው ጭንቅላታቸውን ዘንበል ያደርጋሉ። ይህ ትልቅ ሰው ተመስጦ የሚያዳምጣቸው ስለሚመስላቸው ደንበኞች ብዙ ያወሩላቸዋል። እሳቸው ግን የሚመልሱት ጥቂት ነው። ምሳቸውን ሁልጊዜ ለብቻቸው፣ ቧንቧው አጠገብ በተደፋ ሣጥን ላይ ተቀምጠው ይበላሉ። ኑ ከእኛ ጋር ስንላቸው «ቀድሜ ጀምሬያለሁ» ይላሉ። ሳይጀምሩም እንደዚያ ነው የሚሉት።

«ጋሼ፣ ትንሽ ጨመር አድርጉልን፣ መንገዳችን ሩቅ ነው» የሚል ሰው አይጠፋም። አይቆጡም። የሰውየውን ጣት ይይዙና ሲሊንደሩ ትከሻ ላይ የተቀረጸውን ቁጥር ያስነኩታል፤ ከዚህ ግፊት በላይ አይሞላም የሚለውን ቁጥር።

«ይሄ የሚችለው ትከሻው ላይ የተጻፈውን ነው» ይላሉ። «እኔ ብጨምርለት አይናገርም። እሺ ይላል። አንድ ቀን ግን አንተ ዘንድ ሲደርስ ይናገራል።»

ኦክስጅን ጠፍቶ የተወደደ አንድ ሰሞን፣ ከለገጣፎ አንድ ጎልማሳ አሮጌ ሲሊንደር ይዞ መጣ። እናቱ ቤት ውስጥ ታመውበታል። ፈተሽነው፣ እንዳበጠ ሳይመለስ ቀረ። ሰውየው ጋሽ መርዕድ እግር ሥር ወደቀ።

«አባቴ፣ አንድ ጊዜ ብቻ! ዛሬን ብቻ ይሙሉልኝ!»

ጋሽ መርዕድ አነሱት፣ ወንበር ሰጡት፣ ከዚያ መሰርሰሪያውን አምጥተው ሲሊንደሩን እያየ በሱት። ማንም ዳግመኛ እንዳይሞላው። ሰውየው የሰደባቸውን ስድብ አልጽፈውም። እኛም በልባችን ጨካኝ ናቸው አልን። እሳቸው የድርጅቱን ባለቤት ለምነው አንድ ሙሉ ሲሊንደር አስፈቀዱ፣ ሰውየውን ታክሲ ውስጥ አስገቡት፣ ለገጣፎ ድረስ አብረውት ሄደው ሲሊንደሩን ፎቅ ላይ ተሸክመው አወጡለት። በማግስቱ «እናቱስ?» አልኳቸው።

«አልጠየቅኩም።»

«ስልኩ አለ እኮ። ልደውል?»

«ተይው ወይኒ። ካልጠየቅን በሕይወት አሉ።»

ያን ጊዜ አልገባኝም። የገባኝ ስለ ሀብቶም ሲነግሩኝ ነው።

ጋሽ መርዕድ በወጣትነታቸው የባሕር ኃይል ጠላቂ ነበሩ፣ ምጽዋ። ከመርከብ ሥር ይገባሉ፣ የሰጠመ ነገር ያወጣሉ፣ የተበላሸ ይጠግናሉ። ጠላቂ ብቻውን አይወርድም፣ ጥንድ አለው። የእሳቸው ጥንድ የምጽዋ ተወላጅ የሆነው ሀብቶም ነበር። አንድ ምሽት ሀብቶም ለነገ ሥራ የሁለታቸውንም የአየር ሲሊንደሮች ሞልቶ አስቀመጠ። ሲሊንደሩን እሳቸው በምጽዋ ልማድ «ቦምቦላ» ነው የሚሉት። ሲነጋ ጦርነቱ ከተማዋ ውስጥ ገብቶ ነበር። ጋሽ መርዕድ ወደ ጀልባው ሲሮጡ ሀብቶም ቆመ። እናቱ ከተማ ውስጥ ናት።

«ና አላልኩትም፣ ቅርም አላለኝም» አሉኝ። «ቦምቦላውን ጀርባዬ ላይ አሰረልኝና ማሰሪያውን ጠበቅ አደረገው። ሁልጊዜ ስንወርድ እንደሚያደርገው።»

ሰው ወርቅና ልብስ ይዞ ሲሸሽ እሳቸው ያን የብረት ሲሊንደር ይዘው በአሰብ በኩል አዲስ አበባ ገቡ። ቡራዩ በተከራዩት አንዲት ክፍል ውስጥ፣ አልጋቸው ራስጌ በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ ቆመ። አብሮት ያለውን የመተንፈሻ ላስቲክ በየዓመቱ መርካቶ ፈልገው ይቀይራሉ፣ እንዳይጣበቅ ዱቄት ይነሰንሱበታል። የሲሊንደሩን ቫልቭ ግን አንድም ቀን አልከፈቱትም። ውስጥ ያለው ሀብቶም የሞላው አየር ነው።

ድንበሩ ተከፍቶ ወደ ኤርትራ አውሮፕላን መመላለስ የጀመረ ሰሞን ሁላችንም ይሄዳሉ ብለን ጠበቅን። ባለቤቱም ፈቃድ ሰጣቸው። አልሄዱም። እኔም ለምን ብዬ አልጠየቅኳቸውም፣ መልሳቸውን ከለገጣፎው ሰውዬ ጊዜ ጀምሮ አውቀዋለሁ።

ከዚያ የድንጋይ ካባው ነገር መጣ።

ቡራዩ ዳር ድንጋይ ወጥቶበት ያለቀ ጥልቅ ካባ አለ። ክረምት ሲሆን ውሃ ይሞላዋል፣ ወጣቶች ይዋኙበታል። የኦቦ ቶሎሳ ልጅ ገመቹ ከዓለቱ ላይ ዘሎ ገባና ሳይወጣ ቀረ። ኦቦ ቶሎሳ በዚያ አካባቢ የኖሩ ገበሬ ናቸው፣ ልጁ ደግሞ ኮሌጅ ሊገባ የተዘጋጀ ነበር። ሰዉ መንጠቆ በገመድ አስሮ ጣለ፣ ዋናተኞች ገቡ፣ አልተገኘም። ጠላቂዎች ተጠርተው ነበር፣ ግን ክረምቱ ከባድ ነበርና ጎርፍ ወዳለበት ሌላ አካባቢ ሄደዋል፤ ሲመለሱ ይመጣሉ ተባለ። እናትና አባት ካባው አፋፍ ላይ እያደሩ መጠበቅ ያዙ።

ጋሽ መርዕድ ለቅሶውን ከክፍላቸው ይሰሙታል። ሁለት ጠዋት ዝም ብለው ሥራ ገቡ። በሦስተኛው ጠዋት በብርድ ልብስ የተጠቀለለውን ይዘው መጡ።

«ዛሬ መጀመሪያ ይሄን እንፈትሻለን» አሉኝ።

ለመፈተሽ መራገፍ አለበት። ጓሮ አወጡት። እኔ አብሬ ልሁን ልተዋቸው አላወቅኩም። «ቁሚ» አሉኝ። ቫልቩን ቀስ ብለው ከፈቱት። አየሩ እያፏጨ መውጣት ጀመረ። መዳፋቸውን በሚወጣው አየር ፊት አድርገው ቆሙ።

«ይተነፈሳል?» አልኳቸው።

«አይተነፈስም። ብረት ውስጥ ብዙ የቆየ አየር፣ ርጥበት ካለ ዝገቱ ደህናውን በልቶ ይጨርሰዋል። ሰው በንጹህ አየር ተታሎ ይሞታል።» እጃቸውን ወደ ቫልቩ ይበልጥ አስጠጉ። «ጠንከር አድርጎ ነበር የሞላው። አይሰስትም ነበር ሀብቶም።»

ቫልቩ በረዶ እስኪመስል ቀዘቀዘ። እሳቸው እጃቸውን አላነሱም። ድምፁ እየቀጠነ፣ እየቀጠነ ሄዶ ዝም ሲል ጋሽ መርዕድ ደንቆሮ ጆሯቸውን ሳይሆን ደህናውን አስጠግተው አዳመጡ። ከዚያ ተሸክመውት ገቡ።

ውስጡን በመብራት አዩት፣ አንድ ቦታ ዝገት ነክሶታል። ውሃ ሞላነው፣ በርሜሉ ውስጥ አስገባነው፣ ፓምፑ ሠራ። ቱቦውን አነበብኩላቸው። አበጠ፣ ግፊቱ ሲለቀቅ ተመለሰ። አለፈ። አጥበው አድርቀው በእሳት አደጋ ሲሊንደሮች መሙያ አዲስ አየር ሞሉት፣ ግን ትከሻው ላይ ከተጻፈው በታች አቆሙ።

«ጋሽ መርዕድ፣ እስከ ቁጥሩ ይችላል እኮ፣ አልፏል» አልኳቸው። አየር ባነሰ ቁጥር ውሃ ሥር የሚቆዩበት ጊዜ እንደሚያንስ ገብቶኛል።

«ሲሠራ ወጣት ነበር። እኔም።»

በድርጅቱ ፒካፕ ካባው ደረስን። ሰዉ አፋፉን ሞልቶታል። ኦቦ ቶሎሳ ጋቢያቸውን ተከናንበው ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል። ጋሽ መርዕድ ሄደው ጎንበስ አሉላቸው።

«ጀባዹ ኦቦ» አሏቸው፣ በርታ ማለት ነው። «እኔ እገባለሁ። ላገኘው እችላለሁ፣ ላላገኘውም እችላለሁ።»

ሽማግሌው ቀና ብለው አዩዋቸው፤ ዕድሜያቸው የተቀራረበ ነው። «አንተ ራስህ ብትቀርስ?»

«ገመድ ይዣለሁ።»

ገመዱን ለመያዝ ጎረምሶች ተሽቀዳደሙ። ጋሽ መርዕድ ጫፉን ለእኔ ሰጡኝ።

«እኔ? ጋሽ መርዕድ፣ ጉልበት የለኝም!»

«ጉልበት አልፈልግም። እነሱ ሲፈሩ ይጎትቱኛል። አንቺ ያየሽውን ነው የምታነቢው። አንዴ ስስብ ደህና ነኝ። ሁለቴ ስስብ ልቀቂልኝ። ደጋግሜ ስስብ ያኔ ይጎትቱ። ከዚያ በፊት ማንም እንዳይነካው።»

ማሰሪያውን ጀርባቸው ላይ ጠበቅ የሚያደርግላቸው ሰው ስለሌለ በየተራ ትከሻቸውን እየጠመዘዙ ራሳቸው አጠበቁት። ልርዳዎት ማለት አልመጣልኝም። ውሃው ቡናማ ነበር። ገቡ፣ አረፋው ጥቂት ፈላና ወደ ዓለቱ ሥር ሄደ።

ገመዱ በእጄ ውስጥ ይሄዳል፣ ይቆማል፣ ይሄዳል። አንዴ ሳብ። ደህና ናቸው። ሁለቴ ሳብ። ለቀቅኩ። ከዚያ ቆመ። ጠበቅኩ። አረፋውም ከዓለቱ ሥር ስለሆነ አይታይም። አንዴ ሳብኩ፣ መልስ የለም። ደግሜ ሳብኩ፣ የለም።

«ሞቷል! ጎትቺ!» አለ አንዱ። ሌላው መጥቶ ገመዱን ያዘው። በክርኔ ገፋሁት፤ ጮህኩ፤ ምን እንዳልኩ አላስታውስም። ሁለት ሦስት ሆነው ከበቡኝ። ይህን ጊዜ ኦቦ ቶሎሳ ከድንጋያቸው ተነሱ።

«ዺሳ!» አሉ፤ ተዉ። «ለእሷ ነው የሰጣት። እሷ ትያዘው።»

የሚፈለገው ልጅ የሳቸው ነው፣ ውሃ ውስጥ የገባው ሰው ደግሞ የማንም አይደለም፣ እንዲህ ያሉት ግን እሳቸው ነበሩ። ጎረምሶቹ እጃቸውን አነሱ። እኔ እያለቀስኩ ገመዱን ያዝኩ። 

ገመዱ ተሳበ። ደጋግሞ፣ ደጋግሞ።

«አሁን!» አልኩ፣ ሁሉም ተረባርቦ ጎተተ። የወጣው ግን ጋሽ መርዕድ አልነበሩም። ገመዱን ከራሳቸው ፈተው ልጁን አስረውበታል። ፊቱ ላይ ሸሚዙን ስበው ሸፍነውታል፣ እናቱ ድንገት እንዳታይ።

ለቅሶው ካባውን ሞላው። ሰዉ በሙሉ ወደ ልጁ ሮጠ። እኔ ብቻዬን ውሃውን አያለሁ፤ ባዶ ገመድ ይዤ። አሁን አየራቸው የት እንደደረሰ አስባለሁ፣ ትንሽ ብቻ መሞላቱን አስባለሁ። ቆይቶ፣ በማዶ በኩል፣ ማንም በሌለበት ዓለት ጥግ አንድ ራስ ብቅ አለ። ጋሽ መርዕድ ሲሊንደሩን እንዳዘሉ በአራት እግራቸው ዳገቱን ወጡ፣ ተቀመጡ። ዞሬ ሄጄ ደረስኩባቸው። ከንፈራቸው ጠቁሯል፣ ይንቀጠቀጣሉ። ሹራቤን አለበስኳቸው።

«ዓለት ሥር ተይዞ ነበር፣ ሁለት እጅ ፈለገ» አሉኝ። «መልስ ያልሰጠሁሽ ለዚያ ነው። አልጎተትሽኝም።»

«ሊነጥቁኝ ነበር።»

«አውቃለሁ።» ወደ ሰዉ አዩ። «ማንም አላየኝም አይደል? ጥሩ ነው። እንሂድ።»

በዚያ ቀን ስሜን ስልካቸው ላይ የቀየሩት ይመስለኛል።

ከዚያ በኋላ ቡራዩ ለጋሽ መርዕድ ጠበበቻቸው። ባጃጅ ሲሳፈሩ ሂሳብ አይቀበሏቸውም። ሱቅ ሲገቡ ሰው ብድግ ይላል። እናቶች ደግሞ ሲያዩዋቸው ዓይናቸው እንባ ይሞላል። ኦቦ ቶሎሳ ለልጁ የአርባ ቀን ተዝካር ሰው ልከው ጠሯቸው፣ አልሄዱም። ኦቦ ቶሎሳ ራሳቸው ድርጅታችን ድረስ መጡ፣ ጋሽ መርዕድ በጓሮ በር ወጡ። ሽማግሌው አንድ ማሰሮ ማር ለእኔ ሰጥተውኝ ሄዱ።

ተቆጣኋቸው። «ሰው ቤቱ ቢጠራዎት ምን አለበት? ለማመስገን እኮ ነው!»

«ወይኒ፣ እኔ ቤታቸው ስገባ የሚገባው ማን ነው? ያ ቀን ነው። እንጀራ ቆርሰው ባጎረሱኝ ቁጥር ልጃቸውን ያዩታል። ልቅርላቸው። ራቅ ስል ይሻላቸዋል።»

ማሩን ቧንቧው አጠገብ ተቀምጠው፣ ለብቻቸው፣ በዳቦ በሉት።

በሚቀጥለው ክረምት ከተጂ በኩል ስልክ ተደወለላቸው፤ ወንዝ ሰው ወስዷል። እሺ አሉ። ሲሊንደሩን ለሁለተኛ ጊዜ በርሜሉ ውስጥ አስገባነው። ግፊቱ ተለቀቀ። ውሃው ቱቦው ውስጥ መውረድ ጀመረ፣ መሃል ላይ ቆመ። ጠበቅኩ። አልወረደም።

«አንብቢ» አሉ።

ቱቦውን በጣቴ ጠረግ አደረግኩት።

«ወይኒ።»

አነበብኩ። እንደገና አስነበቡኝ። በእጃቸው የሲሊንደሩን ትከሻ ዳበስ ዳበስ አደረጉት፣ ከዚያ መሰርሰሪያውን አነሱ። ባለቤቱ ከቢሮው ወጥቶ «ጋሽ መርዕድ፣ ይሄን እንኳ ይተዉት፣ ለማስታወሻ ይሁን» አላቸው። መሰርሰር ጀመሩ። ብረቱ ወፍራም ነው፣ ለመብሳት ረጅም ጊዜ ወሰደ። ሲጨርሱ ተጂ ደወሉ።

«አልችልም፣ ይቅርታ አድርጉልኝ» አሉ። ደጋግመው ይቅርታ አሉ። ሌላኛው ወገን ዘግቶት ኖሮ ስልኩን ጆሯቸው ላይ እንደያዙ ቆሙ። ምናልባት በማይሰማው ጆሯቸው ይዘውት ይሆናል።

ብዙም ሳይቆዩ ሥራቸውን ለቀቁ፣ ሱሉልታ ሄደው ክፍል ተከራዩ። «እዚያ ማንም አያውቀኝም፣ አየሩም ቀዝቃዛ ነው» አሉኝ። አንድ ጊዜ ሄጄ ጠይቄያቸዋለሁ። ደጁ ላይ ተቀምጠው ሜዳውን ያያሉ። ደስ አላቸው፣ ፀጉራቸውን እንኳ አበጠሩልኝ። ስሄድ አስፋልቱ ድረስ ሸኙኝ። «ሥራ ይበዛብሻል፣ አትመላለሺ» አሉኝ። ሥራ እውነትም በዝቶብኝ ነበር።

የሞቱ ዕለት ከታክሲ ሰልፉ ተነስቼ መጀመሪያ የደወልኩት ለድርጅቱ ባለቤት ነው። ቀጥሎ ኦቦ ቶሎሳን አሰብኩ። ልደውል አልደውል አልኩ፤ ጋሽ መርዕድ ያሉትን ሰምቻለሁና። ደወልኩ። ሽማግሌው ሲተነፍሱ ሰማኋቸው፣ ከዚያ «የት ነው?» አሉኝ።

ሱሉልታ ስደርስ ቀድመውኝ ደርሰዋል። ከመንደራቸው የመጡ ሰዎችን ይዘዋል፣ በአንድ አይሱዙ። ጋሽ መርዕድ እድር አልነበራቸውም፣ አከራይዋ ከራሷ እድር ለምና ወንበርና አንዲት ትንሽ ድንኳን አስመጥታለች። ቃሬዛውን የኦቦ ቶሎሳ ሰዎች ተሸከሙ። ቤተ ክርስቲያን ፍትሐቱ ሲያበቃ ቄሱ ዞር ዞር ብለው አዩ።

«የሟች ቤተሰብ የት አለ?»

አከራይዋ ወደ እኔ፣ እኔ ወደ ባለቤቱ አየን። ኦቦ ቶሎሳ አንድ እርምጃ ወጡ።

«እኔ አለሁ» አሉ።

ከቀብር ስንመለስ ድንኳኑ ውስጥ፣ የሐዘንተኛው ቦታ ላይ ሄደው ተቀመጡ። የሰፈሩ ሰው ማንነታቸውን አያውቅም። በየተራ እየገባ «እግዚአብሔር ያጽናዎ» ይላቸዋል፣ «አሜን» ይላሉ። አንዲት ሴት «ወንድምዎ ናቸው?» ስትላቸው ራሳቸውን ነቀነቁ፤ አዎ ይሁን አይደለም አልለየሁትም።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ሰዉ ሳሳ። ከቡራዩ የመጡትም በአይሱዙው ተመለሱ። ባለቤቱ መኪናውን አስነስቶ ሲጠብቀኝ ወደ ኦቦ ቶሎሳ ሄድኩ።

«አባቴ፣ ይምጡ እናድርስዎት። እየበረደ ነው።»

«አንቺ ሂጂ ልጄ» አሉኝ። «እኔ እዚህ አድራለሁ። የሩቅ ሰው ሊኖረው ይችላል፣ ሰምቶ ቢመጣ ሰው ማግኘት አለበት።»

የሚመጣ አለመኖሩን ልነግራቸው አፌን ከፈትኩ። ከዚያ ተውኩት። ጋቢያቸውን ትከሻቸው ላይ አስተካከልኩላቸውና ወጣሁ። መኪናው ሲንቀሳቀስ በመስኮቱ አየኋቸው። በባዶ ወንበሮች መሃል፣ በሩን እያዩ ተቀምጠዋል።